የደሃ ገበሬን ዘር በአሮጌ የካውንቲ መዝገብ ስትፈልጉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ቨርጂኒያ ካለነው ሐበሾች መካከል ከአሜሪካዊ ጋር የተጋባው ብዙ ነው። ልጅ ይወለዳል። በእኛ በኩል ሰባት ቤት የሚቆጥር አጎት አይጠፋም። በወዲያኛው በኩል ግን ቆጠራው አያት ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። "ደሃ ገበሬዎች ነበሩ፣ የተጻፈ ነገር የለም" ይሏችኋል። ከዚያ መዝገብ ማገላበጥ እንደምወድ ሰው ይነግራችሁና ወደ እኔ ትመጣላችሁ። ደስ ይለኛል፣ ኑ። ግን ያንኑ ስህተት መልሼ መላልሼ ማየት ስለሰለቸኝ ይቺን ጻፍኩ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ምሳሌዎቹ የቨርጂኒያ ናቸው፤ ሌላ ስቴት ሕጉም መዝገቡም ይለያል።

ስም ስለገጠመ "አገኘሁት" ማለት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው። ሰው ኢንተርኔት ላይ ይገባል፣ የባለቤቱን ቅድመ አያት ስም ይጽፋል፣ ሌላ ሰው የሠራው የዘር ሐረግ ይመጣለታል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ አለቀ። በአንድ ምሽት 1600ዎቹ ውስጥ ገብቶ ያድራል። ዕድለኛ ከሆነ የእንግሊዝ መስፍንም ይጨመርለታል። አንዲት እህታችን ያመጣችልኝ ሐረግ ላይ እናትየዋ ልጇን የወለደችው በ8 ዓመቷ ነው። "ይሄ እንዴት ይሆናል?" ስላት "ኧረ ብዙ ሰው እኮ እንዲህ ብሎ ነው የጻፈው" አለችኝ። ብዙው ሰው የገለበጠው ከአንዱ ነው! ያ አንዱ ደግሞ ከየት እንዳመጣው አልጻፈም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአንድ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ የስቴቱ ክፍል) ውስጥ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሦስት ሰዎች መኖራቸው ምንም የሚገርም ነገር የለውም። ሰዎቹ ልጆቻቸውን በአያት ስም ይጠሩ ስለነበር የአጎት ልጆች ሁሉ ዊሊያም ናቸው። መዝገቡ ላይ "ሲኒየር" እና "ጁኒየር" ስላያችሁም አባትና ልጅ ናቸው ብላችሁ አትደምድሙ። ጸሐፊው ትልቁንና ትንሹን ለመለየት ብቻ የጻፈው ሊሆን ይችላል። አጎትና የወንድም ልጅ ይሆናሉ፤ ጭራሽ የማይዛመዱም ይሆናሉ።

ታዲያ በምን ይለያሉ? በግብር መዝገብ። ቨርጂኒያ ከ1782 ጀምሮ የንብረት ግብር ዝርዝር ነበራት። መሬት የሌለው ሰው እንኳ ራሱ ተቆጥሮ ይገባበታል፤ ፈረስ ካለው ፈረሱም ይቆጠራል። ብዙዎቹ ዝርዝሮች ላይ ግብር መዝጋቢው የመጣበት ቀን ከስሙ ጎን ተጽፏል። ስሞቹ በፊደል ተራ ስለተደረደሩ መጀመሪያ ሲያዩት ጎረቤት ከጎረቤት የተለያየ ይመስላል። ቀኑን አይታችሁ መልሳችሁ ደርድሩት። እንበል አንዱ ዊሊያም መጋቢት 12 ተመዝግቧል፣ ሁለት ፈረስ አለው። ሌላው ዊሊያም ሚያዝያ 4፣ ፈረስ የለውም። መጋቢት 12 የተመዘገቡት ሌሎች ሰዎች የመጀመሪያው ዊሊያም ጎረቤቶች የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ሁለቱንም በየዓመቱ ተከተሏቸው። አንድ ዓመት ላይ ፈረስ የሌለው ይጠፋና በዚያው ሰፈር፣ በዚያው የቤተሰብ ስም አንዲት ሴት ብቅ ትላለች። ባሏ ሞቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ቀጥሎ የፍርድ ቤቱን መዝገብ በዚያ ዓመት ላይ ከፍታችሁ ማጣራት ነው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን ሁለቱን ዊሊያሞች የሚለያችሁ ይሄ ነው እንጂ ቁልፍ መጫን አይደለም።

አንዱ ወዳጄማ በዚህ ዘዴ ሲሄድ ቆይቶ "ሰውዬው 1808 ላይ ጠፋ፣ ወደ ኬንታኪ ሳይሄድ አልቀረም" ብሎ ሙሉ ታሪክ ሠርቶለት ነበር። በ1808 ቨርጂኒያ ውስጥ ያ ግብር አልተሰበሰበም። ዝርዝሩ የለም። በእሱ ስሌት ስቴቱ በሙሉ ኬንታኪ ወርዶ ነበር።

ኑዛዜና የመሬት ውል አይቶ ተስፋ መቁረጥ

ንብረት የሌለው ሰው ምን ብሎ ይናዘዛል? እዚያ ብትፈልጉት አታገኙትም። ደሃ ሰው የሚገኘው ሰው ሲያስቸግረው፣ ሲከሰስና ሲታዘዝ ነው። የካውንቲው ፍርድ ቤት የትእዛዝ መዝገብ የሚባል አለ። እሱን ገጽ በገጽ ማንበብ ነው። የዕዳ ክስ አለ። የትኛውን መንገድ እነማን እንዲጠግኑ እንደታዘዘ አለ። አባት የሞተበት ወይም ወላጅ ማሳደግ ያቃተው ልጅ ለሌላ ሰው ሙያ እየተማረ እንዲያገለግል በውል የሚሰጥበት ትእዛዝም አለ፤ ወንዱ እስከ 21፣ ሴቷ እስከ 18 ዓመት። ይሄን የሚያስፈጽሙት የድሆች ተቆጣጣሪ የሚባሉ የካውንቲ ሹሞች ነበሩ። እዚያ ትእዛዝ ላይ ብዙ ጊዜ የልጁ ስም ከአባቱ ወይም ከእናቱ ስም ጋር ይጻፋል። ለእኛ ወርቅ ነው። እናትየው በሕይወት እያለችም ልጁ "ወላጅ አልባ" ተብሎ ይጻፋል፣ የአባት ሞት ይበቃ ነበር። ስለዚህ እናትየዋን አትቅበሯት።

ሌላው ሰው የሚዘለው የሟች ንብረት ሽያጭ ዝርዝር ነው። ሰው ሲሞት ዕቃው በጨረታ ይሸጣል፣ ማን ምን በስንት እንደገዛ ይጻፋል። ሟቹ ሀብታም ቢሆን እንኳ ገዢዎቹ ውስጥ የእናንተ ደሃ መጥረቢያ ወይም አንዲት ጥጃ ገዝቶ ታገኙታላችሁ። አንድ ዝርዝር ላይ ሚስትየው የራሷን አልጋ፣ የራሷን ድስትና የጥጥ መፍተያዋን በየተራ መልሳ ስትገዛ አይቻለሁ። የጋራ ዕቃቸው በሕግ የባሏ ስለነበር ጨረታ ላይ የወጣውን ካልገዛችው አይቀርላትም። ከሷ ቀጥሎ ጥቃቅን ዕቃ የሚገዙትን ስሞች ጻፉ። ልጆች፣ አማቾች፣ ወንድሞች እዚያ ይሰበሰባሉ።

ቻንሰሪ የሚባለው የፍትሐ ብሔር ክርክር ፋይልም አለ። ሪችመንድ ያለው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ማውጫውን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል፤ ከፋይሎቹም ብዙዎቹ በምስል አሉ። ከሳሽና ተከሳሹን ብቻ አትዩ። ምስክር ሆኖ ቀርቦ "ይሄን ቤተሰብ ከልጅነቴ አውቃለሁ" ብሎ የሚያወራው ጎረቤት ነው የሚጠቅማችሁ።

"ፍርድ ቤቱ ተቃጥሏል" ብሎ መተው

እውነት ነው፣ ተቃጥሏል። ቡኪንግሃም በ1869፣ አፖማቶክስ በ1892። ሃኖቨርና ጄምስ ሲቲ ደግሞ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ መዝገባቸውን ከጠላት እናሽሽ ብለው ወደ ሪችመንድ ላኩት። ሪችመንድ በሚያዝያ 1865 ስትነድ አብሮ ነደደ። ግን የግብር ዝርዝሩ አንድ ቅጂ ለስቴቱ ኦዲተር ይላክ ስለነበር ፍርድ ቤቱ አመድ ሆኖም ዝርዝሩ ተርፏል። ከ1853 እስከ 1896 የነበረው የልደትና የሞት ምዝገባም እንዲሁ ለስቴቱ ቅጂ ይላክ ነበር። አጎራባች ካውንቲም ሞክሩ፤ ሰው ለማግባትም ለመካሰስም ድንበር ይሻገራል።

ድንበርን ካነሳን፣ የዛሬውን ካርታ ይዛችሁ 1840 አትግቡ። አፖማቶክስ የሚባል ካውንቲ ከ1845 በፊት አልነበረም፣ ከአራት ካውንቲዎች ተቆርጦ ነው የተሠራው። ዌስት ቨርጂኒያም እስከ 1863 ድረስ ቨርጂኒያ ነበረች።

የሕዝብ ቆጠራን እንደ ቤተሰብ መዝገብ ማንበብ

እስከ 1840 የሚጻፈው የቤቱ አባወራ ስም ብቻ ነው። ሌላው በዕድሜ ክልል ተከፋፍሎ ቁጥር ነው። በ1850 የነፃ ሰው ሁሉ ስም መጻፍ ተጀመረ፣ ግን ማን ለማን ምን እንደሆነ አይልም። ዝምድና የተጻፈው ከ1880 ጀምሮ ነው። ስለዚህ 1860 ላይ ከሰውየው ሥር የተጻፈችው ሴት ሚስቱም፣ እህቱም፣ ሁለተኛ ሚስቱም ልትሆን ትችላለች። የ1890ውን በከንቱ አትፈልጉ፤ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳው እሳት ምክንያት አብዛኛው ጠፍቷል። ዕድሜን ደግሞ በፍጹም አትመኑ። በአሥር ዓመት ሰባት ዓመት ብቻ ያደገች ሴት ሞልታለች።

የትዳር ጓደኛችሁ ጥቁር አሜሪካዊ ከሆነ

በባርነት ተይዘው የነበሩ ቤተሰቦች በስማቸው በሕዝብ ቆጠራ የሚገኙት ከ1870 ጀምሮ ነው። የ1850 እና የ1860 የባሪያ ዝርዝሮች የያዙት የባለቤቱን ስም ነው። የተያዘው ሰው ከጥቂቶች በቀር ዕድሜና ጾታ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት "የቤተሰብ ስማቸው እንዲህ ስለሆነ ባሪያ አሳዳሪያቸውም በዚያ ስም የሚጠራው ሰው ነው" ማለት ነው። አንዳንዴ ልክ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ አይሆንም። መጀመሪያ ከ1865 እስከ 1872 የነበረውን የፍሪድመንስ ቢሮ፣ ማለት ከባርነት የወጡትን ይረዳ የነበረውን የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ እዩ፤ የሥራ ውል፣ የራሽን፣ የአቤቱታ ወረቀት አለው። በ1866 ባልና ሚስቶች የተመዘገቡበት መዝገብ ለጥቂት ካውንቲዎች ተርፏል። በ1853 የጀመረው የልደት ምዝገባም ከነፃነት በፊት የተወለዱትን ከባሪያ አሳዳሪው ስም፣ አንዳንዴም ከእናትየዋ ስም ጋር ይዟል።

ትንንሾቹ

የጋብቻ ዋስትና ወረቀት ላይ 150 ዶላር ስላያችሁ "ሀብታም ነበር ለካ" አትበሉ። ማንም አይከፍላትም፤ ጋብቻውን የሚከለክል ነገር ቢገኝ ነው የምትጠየቀው። አብሮት ዋስ የሆነውን ሰው ስም ግን ያዙ፣ የሙሽሪት አባት ወይም ወንድም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሰውየው ፊደል ስለማያውቅ ጸሐፊው እንደሰማው ነው የሚጽፈው፤ አንዱን የቤተሰብ ስም በአምስት ዓይነት ፈልጉት። በድሮ እጅ ጽሑፍ ሁለት "ኤስ" ሲደራረቡ የመጀመሪያዋ "ኤፍ" ትመስላለች።

ፍርድ ቤት ስትሄዱ ደውላችሁ ሂዱ። ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። ከተፈቀደ መጀመሪያ የመዝገቡን ሽፋን፣ ቀጥሎ ገጹን፣ የገጹ ቁጥር እንዲታይ አድርጋችሁ አንሱ። ስልካችሁ ውስጥ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የገጽ ፎቶ ይዛችሁ እኔ ጋ ብትመጡ ተመልሳችሁ አንሱ ነው የምላችሁ።