የወርቅ ቦታ የአፈርና የበሰበሰ አለት ካርታ እንዴት ይነሳል?

ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው አፈር ሥሩ ካለው አለት የወጣ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ ተጠርጎ የመጣ? ይህ ካልተለየ፣ መጤ ደለል ላይ የተወሰደ ናሙና «ወርቅ የለም» ይላል፤ ማዕድኑ ግን ከደለሉ ሥር ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ በ1:25,000 የአየር ፎቶ ላይ ሦስት ነገር ከልሉ፦ ሳይሸረሸር የቀረ የብረት ቅርፊት (ብረት ያጣበቀው ጠንካራ የላይ ሽፋን) ያለበት አምባ፣ የበሰበሰ አለት የወጣበት ተዳፋት፣ ደለል የተኛበት ሜዳ። ለመነሻ ይበቃል። ከጅምሩ አሥራ አምስት ቀለም ያለው ካርታ መስክ ላይ ያደናግራል እንጂ አይጠቅምም።

ጂፒኤስ፣ መዶሻ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ማግኔት፣ ውሃና 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያዙ። ከአምባው አናት እስከ ሜዳው ቁልቁል ተጓዙ። መንገድ ተከትሎ መሄድ ይቀላል፤ ግን መንገድ ሜዳ ስለሚወድ ከደለል በቀር ብዙ አያሳይም።

አስቸጋሪው መለየቱ ነው። ቦረቦር ወይም የጉድጓድ ግድግዳ ፈልጉ፣ ፊቱን በመዶሻ ልጣችሁ በውሃ አርጥቡት። እዚያው የበሰበሰ አለት ሸክላ ሆኖም የድሮ መልኩን አይለቅም፦ የንብርብሩ መስመር ይታያል፣ አለቱን ሰንጥቆ የሚያልፈው የኳርትዝ (ጠንካራ፣ ብዙ ጊዜ ነጭ ማዕድን) ጅማትም ሳይበተን ይታያል። መጤው ግን የተለያየ ዘር ድንጋይ ይቀላቅላል፣ የጠጠሩ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ብዙ ጊዜም ከሥሩ የጠጠር መደዳ አለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብረት ያጣበቀው መጤ ጠጠር ላይ ነው፤ ከላይ ሲታይ ቁርጥ የአምባው ቅርፊት ነው። ስበሩትና አዲሱን ስባሪ ፊት በመነጽር እዩ። አተር የሚያህሉት ክብ እንክብሎች ቢጫ-ቡናማ ስስ ልባሳቸው ሙሉ ከሆነ ብዙም አልተጓዙም፤ ልባሱ ተፍቆ ጥቁር እምብርት ብቻ ከቀረ ተንከባለው የመጡ ናቸው። ማግኔት ይረዳል፣ ብቻውን ግን አይፈርድም።

ተዳፋት ላይ የላይኛው አፈር ቀስ እያለ ቁልቁል ስለሚንሸራተት የኳርትዝ ስብርባሪ ከጅማቱ በታች ይበተናል። ምንጩን ሽቅብ ፈልጉ።

አሲዱ ከፈላ ኖራ አለ፤ ጥልቀቱን ጻፉ፣ ደረቅ አገር ወርቅ ከኖራው ጋር ይሰበሰባልና። የድሮ ቆፋሪዎች የጣሉትን ክምር «የተነካካ» ብላችሁ ለብቻ ከልሉት፤ ናሙና አይወሰድበትም። በዓይን ያያችሁትን ድንበር በሙሉ መስመር፣ የገመታችሁትን በተቆራረጠ አስምሩ፤ ቁፋሮ ካለ ከጉድጓዱ አፍ በየሜትሩ በተደረደረው ፍርፋሪ አረጋግጡት።