ያረጀ የጋዝ ምድጃን ከመጣል ይልቅ እንዴት እንጠግነዋለን?

በድሬዳዋ «አርጅቷል» ተብለው ግቢ ጥግ የተጣሉ የጋዝ ምድጃዎችን ቀረብ ብሎ ላያቸው፣ አብዛኞቹን ከሥራ ያወጣቸው ዕድሜ ሳይሆን ከደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ እየተነሣ ቤት የሚገባው አቧራ፣ የገነፈለ ወጥና የደረቀ ጎማ ነው። አካሉ በዝገት እስካልተበሳ ድረስ እንዲህ ያለ ምድጃ በግማሽ ቀን ሥራ ይነሣል።

በመጀመሪያ የሲሊንደሩን ቫልቭ ዘግተው ሬጉሌተሩን (በሲሊንደሩ አፍ ላይ ያለውን የግፊት መቀነሻ) ይፍቱና ሲሊንደሩን ከቤት ውጭ ጥላ ሥር ያኑሩት፤ በከተማችን ሙቀት ፀሐይ ላይ የተተወ ሲሊንደር በውስጡ ያለው ግፊት ይጨምራልና። የምድጃ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ፣ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ ወደ ላይ አይበንም። ስለዚህ መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም፤ በሩም ይከፈት፣ የቡናው ከሰልም ከአካባቢው ይራቅ።

ቀጥሎ ከሲሊንደሩ ወደ ምድጃው ጋዝ የሚያደርሰውን ጎማ በጣትዎ አጥፈው ብርሃን ላይ ይመልከቱት። በእጥፋቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ከታየ፣ ወይም ጎማው ደርቆ አልታጠፍ ካለ ይቀየር እንጂ በፕላስተር አይጠቅለል። በሌላው ሁሉ ቢቆጥቡ እደግፋለሁ፤ በጎማና በሬጉሌተር ግን ፈጽሞ አይቆጥቡ። አዲሱ ጎማ ለጋዝ ተብሎ የተሠራ ይሁን፣ ጫፎቹም በሽቦ ሳይሆን በፋሸታ (በብሎን በሚጠብቅ የብረት ቀለበት) ይጥበቁ። ሬጉሌተር የሚገዙ ከሆነም በላዩ የተጻፈው የግፊት መጠን፣ ለቤት ምድጃ በአብዛኛው ወደ 30 ሚሊባር የሚጠጋው፣ ምድጃው ላይ ከተጻፈው ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ።

ዋናው ሥራ ያለው እሳቱ በሚነድበት ራስ ላይ ነው። ክዳኑንና ቀለበቱን አንሥተው በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና ይዘፍዝፏቸው፤ ከዚያም የተደፈኑትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በቀጭን ሽቦ ይክፈቱ። ከሥር ያለችውን፣ ጋዙ የሚወጣባትን ትንሽ የነሐስ አፍንጫ ግን በመርፌ አይንኳት። ቀዳዳዋ በጥቂቱም ቢሆን ከሰፋች ጋዙ ከመጠን በላይ ይወጣል፣ እሳቱም ከዚያ በኋላ አይስተካከልም። አልኮል ውስጥ ዘፍዝፎ በብስክሌት ጎማ መንፊያ መንፋት ይበቃታል። በአፍንጫዋና በራሱ መካከል ያለው ቱቦም አይረሳ። በእኔ ቤት አንደኛው እሳት ለወራት ቢጫ እየነደደ የድስቱን ቂጥ ጥላሸት ሲያለብስ ከቆየ በኋላ ቱቦውን ብፈታው፣ የሸረሪት ድር ከአቧራ ጋር ተጋግሮ እንደ ጥጥ ጠቅጥቆት አገኘሁ። አየሩን የዘጋው ያ ነበር።

ክፍሎቹ በደንብ ከደረቁ በኋላ ይግጠሟቸው፤ ሬጉሌተሩንም ሲሊንደሩ ላይ መልሰው ይሰሩት። የምድጃው መክፈቻዎች እንደተዘጉ የሲሊንደሩን ቫልቭ ይክፈቱና በስፖንጅ የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ይቀቡ። አረፋው የሚነፋበት ቦታ ካለ ጋዝ ያፈተልካል ማለት ነውና ቫልቩን ዘግተው ያጥብቁት ወይም ጎሚኒውን (በመጋጠሚያው መካከል ያለውን የጎማ ቀለበት) ይቀይሩ። በክብሪት መፈተሽ ግን በፍጹም አይገባም። አረፋው የተነፋው ከራሱ ከመክፈቻው ሥር ከሆነ ቤት ውስጥ አይነካካ፤ ወደ ባለሙያ ይወሰድ።

ምንም የሚያፈተልክ ጋዝ ከሌለ ምድጃውን ይለኩሱ። ሥሩ ላይ ጥርት ያለ ሰማያዊ፣ ጫፉ የማይወዛወዝ እሳት ከታየ አየሩ በቅቶታል። ቢጫው ካልጠፋ በቱቦው አፍ ያለውን የአየር መክፈቻ ጥቂት ጥቂት እየከፈቱ ይሞክሩ፤ እሳቱ ከራሱ ላይ ተነሥቶ መንፋት ከጀመረ ደግሞ መልሰው ያጥብቡት።