ካርቦን ዳይኦክሳይድን በቅይጥ አሟሚ ለመያዝ ሲታሰብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከሌሎች ጋዞች ለይተው የሚይዙ ፈሳሾች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። እንደ አሚን (ናይትሮጅን ያለበት የውህድ ዓይነት) ያሉት ኬሚካላዊ አሟሚዎች ጋዙን በኬሚካላዊ ምላሽ ያስሩታል፤ እንደ ሜታኖልና ሰልፎሌን ያሉት ፊዚካላዊ አሟሚዎች ደግሞ የታሸገ ለስላሳ መጠጥ ጋዙን እንደሚይዝ በግፊት ብቻ ይይዙታል፤ ግፊቱ ሲቀንስም መልሰው ይለቁታል። ሁለቱን ወገኖች የሚያቀላቅል ፈሳሽ ቅይጥ አሟሚ ይባላል። የነዳጅ ኩባንያው ሼል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሰልፊኖል በሚል ስም ለገበያ ያቀረበው ፈሳሽ አሚንን፣ ሰልፎሌንንና ውኃን የቀላቀለ ሲሆን፣ ከቅይጥ አሟሚዎች ሁሉ በይበልጥ የታወቀው እርሱ ነው። ቅይጡ የሁለቱን ወገን ጥቅም ያስገኛል የሚለው እምነት ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ቀጥሎ የማነሣቸው ስህተቶችም አብዛኞቹ ከዚህ እምነት የሚመነጩ ናቸው።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የከፋው ስህተት የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከፊል ግፊት ሳያሰሉ አሟሚ መምረጥ ነው። ከፊል ግፊት የሚገኘው የጋዙን ጠቅላላ ግፊት በካርቦን ዳይኦክሳይዱ ድርሻ በማባዛት ነው። ከድንጋይ ከሰል የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚወጣ ጭስ ከ12 እስከ 15 በመቶ የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢኖረውም፣ የጭሱ ግፊት 1 ባር ያህል ብቻ ስለሆነ ከፊል ግፊቱ ከ0.15 ባር አይበልጥም። በአንጻሩ 10 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው የተፈጥሮ ጋዝ በ70 ባር ግፊት ቢመጣ ከፊል ግፊቱ 7 ባር ይሆናል፤ ድርሻው ከጭሱ ያነሰ ሆኖ ሳለ ከፊል ግፊቱ ግን ከአርባ እጥፍ በላይ ነው። በሄንሪ ሕግ መሠረት ፊዚካላዊ አሟሚ የሚይዘው መጠን ከዚህ ቁጥር ጋር አብሮ ያድጋል፤ አሚን ግን በዝቅተኛ ግፊት ቶሎ ይሞላና ከዚያ በኋላ ግፊቱ ቢጨምርም የሚይዘው እምብዛም አይጨምርም። ስለዚህ ለማመንጫ ጭስ የሚቀላቀል ሰልፎሌን የራሱን ድርሻ ሳይወጣ የአሚኑን ቦታ ይሻማል።

ይህን ልዩነት በሰሜን አሜሪካ አንድ አካባቢ ላይ በግልጽ ማየት ይቻላል። በካናዳ ሳስካችዋን የሚገኘው የዌይበርን ነዳጅ ማውጫ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀበለው ከድንጋይ ከሰል ከሚሠሩ ሁለት ተቋማት ነው። በሰሜን ዳኮታ ያለው ግሬት ፕሌይንስ ከሰሉን በከፍተኛ ግፊት ወደ ጋዝ ስለሚለውጥ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚይዘው እጅግ በቀዘቀዘ ሜታኖል ነው፤ ወደ ዌይበርን መላክ የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ካርቦን ዳይኦክሳይድ መያዝ የጀመረው የባውንደሪ ዳም ማመንጫ ግን ከሰሉን በተለመደው መንገድ ስለሚያነድና ጭሱ ግፊት ስለሌለው በአሚን ይጠቀማል። ነዳጁም መድረሻውም አንድ ሆኖ አሟሚውን የለየው ግፊቱ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የአሚኑንና የፊዚካላዊውን አሟሚ የመያዝ አቅም ለየብቻ አስልቶ መደመር ነው። አሚኑ ጋዙን ሲያስር ፈሳሹ ውስጥ አዮኖች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም ያልታሰረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሟሟበትን መጠን ይቀንሱታል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአሚን ጋር ምላሽ ስለሚፈጥር ፊዚካላዊ ሟሟነቱን በቀጥታ መለካት አይቻልም፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች በሞለኪውል ክብደቱና በቅርጹ የሚመስለውን፣ ነገር ግን ምላሽ የማይፈጥረውን ናይትረስ ኦክሳይድ በምትኩ ይለካሉ። ይህን ልኬት ዘልሎ በድምር ብቻ የተነደፈ የመምጠጫ ማማ (ፈሳሹ ጋዙን የሚይዝበት ማማ) ከታቀደለት በታች ቢይዝ ሊያስገርም አይገባም።

ሦስተኛው፣ ኃይል ለመቆጠብ በሚል ውኃውን ከመጠን በላይ መቀነስ ነው። እንደ ሜቲልዳይኢታኖልአሚን ያለ ሦስተኛ ደረጃ አሚን ካርቦን ዳይኦክሳይድን በቀጥታ አያስርም፤ ጋዙ ከውኃ ጋር ተዋህዶ ባይካርቦኔት እንዲሆን ይረዳል እንጂ። ውኃው ካነሰ ምላሹ ራሱ ይዳከማል። ከዚህም በላይ ፈሳሹ ሞቆ የያዘውን ጋዝ በሚለቅበት በማደሻ ማማው ውስጥ ጋዙን ከፈሳሹ ጠርጎ የሚያወጣው እንፋሎት የሚገኘው ከዚያው ውኃ ነው።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ስህተት የማደሻ ኃይሉን በምላሽ ሙቀት ብቻ መገመት ነው። በጣም በተለመደው አሚን በሞኖኢታኖልአሚን የምላሹ ሙቀት በአንድ ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ 85 ኪሎጁል ያህል፣ ማለትም በቶን 1.9 ጊጋጁል ገደማ ነው፤ በተለመደው አሠራር ግን ማደሻው በቶን ከ3.5 እስከ 4 ጊጋጁል ይወስዳል። ቀሪው የሚውለው ፈሳሹን ለማሞቅና ውኃውን ለማትነን ነው። ሰልፎሌን የሙቀት መያዝ አቅሙ ከውኃ በእጅጉ ስለሚያንስ የቅይጡ እውነተኛ ቁጠባ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሆኖም ቁጠባው የሚታየው ሦስቱም ክፍሎች አብረው ሲሰሉ ብቻ ነው።

የፈሳሹን ዝልግልግነት መዘንጋትም የተለመደ ነው። ፈሳሹ በወፈረ መጠን ጋዙ ወደ ውስጡ የሚሰርግበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሙቀት መለዋወጫውም እንዲሁ ሰፋ ማለት ይኖርበታል። ንጹሕ ሰልፎሌን ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ስለሚረጋ፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ የአየር ጠባይ ያለ ማሞቂያ በጋን ቢቀመጥ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ረግቶ ይገኛል።

ሌላው ስህተት አሟሚው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌላ ምን እንደሚወስድ አለመጠየቅ ነው። ሰልፎሌን በነዳጅ ማጣሪያዎች ቤንዝንንና (benzene፤ የመኪናው ቤንዚን አይደለም) ቶሉዊንን የተባሉትን ሃይድሮካርቦኖች ለይቶ ለማውጣት የሚያገለግል ፈሳሽ ስለሆነ፣ ከተፈጥሮ ጋዝም ከባድ ሃይድሮካርቦኖችን አብሮ ይወስዳል፤ ይህም የሚሸጠውን ምርት ይቀንሳል፣ የሚወጣውንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያቆሽሻል። ጋዙ ውስጥ መርካፕታን የተባሉት የድኝ ውህዶች ካሉ ግን ይኸው ጠባይ ጠቃሚ ይሆናል፤ የውኃና የአሚን ቅልቅል ብቻውን እነርሱን በደንብ አያጸዳምና። በእኔ አስተያየት ቅይጥ አሟሚ ለመምረጥ ከከፍተኛ ግፊት ቀጥሎ ጠንካራው ምክንያት ይህ ነው።

ስያሜም ያሳስታል። ሜቲልዳይኢታኖልአሚንን ከፒፐራዚን ጋር መቀላቀል ብዙ ጊዜ «ቅይጥ» ቢባልም ሁለቱም በምላሽ የሚሠሩ ኬሚካላዊ አሟሚዎች ናቸው፤ ፒፐራዚኑ የሚጨመረው ምላሹን ለማፍጠን ነው።

በመጨረሻም፣ በተፈጥሮ ጋዝ ላይ ለዓመታት በደንብ የሠራ ፈሳሽ በጭስም ላይ እንዲሁ ይሠራል ብሎ መውሰድ አደገኛ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ኦክስጅን የለውም፤ ጭስ ግን ኦክስጅንም፣ ብዙ ጊዜ ሰልፈር ዳይኦክሳይድም ይዞ ይመጣል። ኦክስጅኑ አሚኑን ይሰባብረዋል፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ደግሞ በማደሻው ሙቀት የማይፈርሱ ጨዎችን ይፈጥራል። ስለዚህ ለጭስ የታሰበ ቅይጥ ሁሉ ኦክስጅን ባለበት ጋዝና በማደሻው ሙቀት ለረጅም ጊዜ መፈተን፣ ጭሱም ወደ መምጠጫ ማማው ከመግባቱ በፊት ከሰልፈር መጽዳት አለበት።