ግቢያችሁ የሚመጡትን የዱር እርግቦችና ዋኖሶች እንዴት መከታተል ትችላላችሁ

ወፍ ማየት ልጀምር የሚል ሰው ሁሌ ብርቅ ብርቁን ሲያሳድድ ነው የማየው፣ እርግብማ የትም አለች ተብላ ትታለፋለች። በኔ እይታ ግን ገጠር ውስጥ ጓሮ ወይም የአትክልት ቦታ ላለው ሰው ከእርግብና ከዋኖስ የተሻለ መጀመሪያ የለም፣ ምክንያቱም ሰውነቷ ተለቅ ያለ ነው፣ መሬት ላይ ረጋ ብላ ትለቅማለች፣ እንደ ትንንሾቹ ወፎች ቅጠል ውስጥ ገብታ አትሰወርባችሁም፣ አንዴ ከለመደቻችሁ ደግሞ ጠቡንም ፍቅሩንም ፊታችሁ ነው የምታደርገው። ስለዚ ምክሬ ባጭሩ፦ ዝርያ መቁጠሩ ይቆይና አንድ ጥንድ መርጣችሁ እነሱን ብቻ ተከታተሉ። በዓለም ላይ ከ300 በላይ ዝርያ አለ፣ እርግብ የምንላቸውም ዋኖስ የምንላቸውም ኮሉምቢዴ የሚባል አንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው ያሉት፣ ሁሉንም ላውቅ ካላችሁ ገና ሳትጀምሩ ትሰለቻላችሁ።

መጀመሪያ ውሃ። ምግባቸው ባብዛኛው ደረቅ ዘር ስለሆነ መጠጣት አለባቸው፣ እናንተ ዛፍ ለዛፍ ከምትዞሩ እነሱ እናንተ ጋ ቢመጡ ይሻላል። ሰፋ ያለ ዝርግ ሳህን በቂ ነው፣ ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ፣ ውስጡም የሚያንሸራትት ባይሆን፣ ከሆነ መሃሉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ። ቁጥቋጦ ሥር አታስቀምጡት፣ ድመት እዛ ነው የምታደባው፣ ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ይበል ግን ቶሎ በርራ የምታርፍበት ዛፍ በቅርብ ይኑር። ደህናው ሰዓት ፀሐይ እንደወጣች ያለው ሁለት ሰዓት ያህልና ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ብዙዎቹ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ላባቸውን ሲያበጥሩ ነው የሚውሉት።

አቀማመጥ ላይ ደግሞ፣ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጉና ግድግዳ ወይም ግንድ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፣ ቤት ውስጥ ሆኖ በመስኮት ማየትም በጣም ይሠራል። የእርግብ ዓይን በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ ስለሆነ ዙሪያዋን ማለት ይቻላል ታያለች፣ ከኋላዋ ተደብቄ እመጣለሁ ማለት ዝም ብሎ ድካም ነው። መቅረብ ካለባችሁ ቀጥታ አትሂዱባት፣ አግድም አግድም እያላችሁ፣ ትክ ብላችሁ ሳታዩዋት። አንገቷን አስግጋ መልቀሟን ካቆመች ጨንቋታል ማለት ነውና እዛው ቁሙ፣ መልሳ መልቀም ስትጀምር ትቀጥላላችሁ።

ባይኖኩላር ካላችሁ 8 በ32 ወይም 8 በ42 የሚለው ይበቃል (8ቱ የሚያቀርብበት እጥፍ ነው፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር)፣ ከዛ በላይ የሚያቀርብ ሲሆን እጃችሁ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም አብሮ ይዘላል። ከሌላችሁም ችግር የለም፣ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አቅርቡት። ስልካችሁ ስሎው ሞሽን ካለው ተጠቀሙበት፣ ሲጠጡና ሲነሱ በባዶ ዓይን የሚያመልጣችሁን ነገር ታዩበታላችሁ።

ስትጠጣ ልብ ብላችሁ እዩዋት። አብዛኞቹ ወፎች ውሃ ጨለፍ አድርገው ራሳቸውን ወደ ላይ ቀና በማድረግ ነው ወደ ጉሮሮ የሚያወርዱት። እርግብና ዋኖስ ግን ምንቃራቸውን ውሃው ውስጥ ይከቱና በስትሮ እንደሚጠጣ ሰው ቀና ሳይሉ ይስባሉ፣ ጉሮሮዋ ስር ላባው ጥቂት ጥቂት ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል፣ ከዛ በቃኝ ስትል ነው ቀና የምትለው። ከመጠጣቷ በፊትም መጥታ ወዲያው አትጠጣም፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቆማ ግራ ቀኙን ታያለች፣ አንዳንዴ ሳትጠጣ ሁሉ ተመልሳ ትሄዳለች፣ ያኔ ምን አይታ ነው ብላችሁ ሰማዩን ቃኙት፣ ጭልፊት ልታገኙ ትችላላችሁ።

አረማመዷም ያስቃል፣ ራሷን እየነቀነቀች የምትሄድ ይመስላል አይደል? በቪዲዮ ቀስ አድርጋችሁ ስታዩት ግን ራሷን ወደ ፊት ወርወር ታደርግና እዛው አየሩ ላይ ታቆመዋለች፣ ከዛ ገላዋ ይደርስበታል፣ ከዛ እንደገና። ራሷ በቆመባት ቅጽበት ዓለሙም ይቆምላታል፣ ጥርት አድርጋ ታያለች። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣ ጥናት እርግብ ትሬድሚል (እዛው ቦታ ላይ የሚያስኬድ ማሽን) ላይ አስኪደዋት፣ ዙሪያዋ ያለው ነገር ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ ራሷን ማወዛወዟን አቆመች።

ዝርያ መለየት ስትፈልጉ ቀለም ላይ አትጨነቁ፣ ግራጫና ቡናማ ነው ብዙዎቹ፣ ብርሃን ደግሞ ይቀያይረዋል። ከአንገት ጀምሩ። ማጅራቷ ላይ ጥቁር ግማሽ ቀለበት አላት? ከዋኖሶቹ ብዙዎቹ አላቸው። ጉሮሮዋና ደረቷ ላይ የመዳብ ቀለም ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ በአፍሪካም በእስያም በሰፊው የምትገኘው፣ በሳይንሳዊ ስሟ ስፒሎፔሊያ ሴኔጋለንሲስ የምትባለው ዋኖስ ልትሆን ትችላለች፣ ድምጿም ሳቅ ሳቅ ይላል። ቀጥሎ ዓይኗ ዙሪያ ያለው ቆዳ፣ ቀይ ነው ወይስ የለም። ከዛ ስትበርር ጅራቷ ጫፍ ላይ ነጭ አለ ወይ። እነዚህን ሦስቱን ከያዛችሁ መጽሐፍም አፕም ውስጥ ቶሎ ትደርሱበታላችሁ። አንገቷ ላይ ምንም ምልክት የሌላት ደብዘዝ ያለች ወፍ ስታዩ ደግሞ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብላችሁ አትሩጡ፣ ቀለበት ያላቸው ዝርያዎች ጫጩት ገና ከጎጆ ስትወጣ ቀለበት የላትም።

ከዓይን ይልቅ ጆሮ የሚያዋጣበት ጊዜ ይበዛል። ምቱን ቁጠሩ፣ አንዷ ሦስት ምት አላት መሃሉ ላይ የሚጠብቅ፣ ሌላዋ አምስት፣ ሌላዋ ሳታቋርጥ ታንጎራጉራለች። ሜርሊን የሚባለው አፕ ነፃ ነው፣ ድምፅ ሰምቶ ይነግራችኋል፣ ግን የእርግብ ድምፅ ወፍራምና ዝቅ ያለ ስለሆነ ነፋስ ወይም መኪና ካለ ይሳሳታልና እሱ ያለውን ሁሉ አትመኑ፣ በዓይናችሁ አረጋግጡ። ያው ወፍ ደግሞ አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም ያላት፣ ወንዱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ የሚያሰማው ቦታው የኔ ነው የሚልበት ነው፣ ሴቷ ፊት ደረቱን ነፍቶ ጎንበስ ቀና እያለ የሚያሰማው ሌላ ነው።

ይሄን ጎንበስ ቀና ካያችሁ ጨዋታው ተጀመረ በሉ። ወንዱ ወደ ላይ ሽቅብ ይነሳል፣ በብዙ ዝርያዎች ክንፉን ያጨበጭባል፣ ከዛ ክንፉን ዘርግቶ ሳያርገበግብ ተንሸራቶ ይወርዳል። ሴቷ ከተቀበለችው አንገት ለአንገት ላባ ይበጣጠራሉ፣ ምንቃሯን አፉ ውስጥ ትከታለች። ከዛ በኋላ የምትጠብቁት ጭራሮ ነው፣ ጭራሮ ይዛ የምትበርር እርግብ ካያችሁ ዓይናችሁን አትንቀሉ፣ ጎጆው የት እንዳለ ራሷ ታሳያችኋለች። ባብዛኛው ወንዱ አንድ አንድ እያለ ያመጣል፣ ሴቷ ተቀምጣ ትደረድራለች። የሚወጣው ጎጆ ግን እውነቱን ለመናገር ጎጆ ለማለት ያሳፍራል፣ ስስ የጭራሮ ድርድር ነው፣ አንዳንዴ ከሥር ሆናችሁ ቀና ስትሉ እንቁላሎቹ በቀዳዳው ይታያሉ። እንቁላሉ ነጭ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሁለት።

እዚህ ጋ ጥንቃቄ፣ በተለይ ገና እንቁላል በጣለች ሰሞን አትቅረቡ፣ ብትደነግጥ ጥላው ልትሄድ ትችላለች፣ እናንተ የከፈታችሁትን ቅርንጫፍ ደግሞ ቁራም ያየዋል። ከሩቅ ሆናችሁ ሥራ አለላችሁ፣ የፈረቃ ሰዓታቸውን መዝግቡ። ሌሊቱን ሴቷ ትታቀፋለች፣ ረፋዱ ላይ ወንዱ ይመጣና ይተካታል፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ትረከበዋለች። ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ማን ወንድ ማን ሴት እንደሆነ ከሚነግሯችሁ ጥሩ ምልክቶች አንዱ ይሄ ፈረቃ ነው። ሁለት ሳምንት አካባቢ ቆይቶ ይፈለፈላል፣ ትልልቆቹ ላይ ጥቂት ቀን ይጨምራል። ጫጩቶቹን መጀመሪያ ሰሞን ዘር አይሰጧቸውም፣ እናትም አባትም አንገታቸው ሥር ካለው የእህል ከረጢት ወተት መሰል ወፍራም ነገር ያመነጫሉ፣ ጫጩቷ ጭንቅላቷን ወላጇ አፍ ውስጥ ከትታ ትመገባለች፣ ሲያዩት ጠብ ነው የሚመስለው። ትንንሾቹ ዋኖሶች በሁለት ሳምንት ገደማ ጎጆ ይለቃሉ፣ ትልልቆቹ ወር ይወስድባቸዋል።

ጫጩት መሬት ላይ ካገኛችሁ፣ ላባ ካወጣች ተዋት፣ ወላጆቿ ይመግቧታል፣ ድመቱን ብቻ አስገቡ። ላባ የሌላት ከሆነች ጎጆው የሚደረስበት ከሆነ መልሷት፣ የሰው እጅ ስለነካት እናቷ ትጥላታለች የሚባለው ውሸት ነው። አፏ ውስጥ ውሃ አታንቆርቁሩ።

ዘር መበተን የምትወዱ ካላችሁ ጥቂት ጥቂት አድርጉት፣ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ ሳህኑንም ፈትጉት። ትራይኮሞናስ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ አለ፣ በምራቅ በረከሰ ውሃና ምግብ ይተላለፋል፣ የታመመችዋ ላባዋን ነፍታ ትቀመጣለች፣ መዋጥ ያቅታታል፣ ምንቃሯ ዙሪያ ይረጥባል። እንዲህ ያለች ካያችሁ ምግቡንም ውሃውንም ለሁለት ሳምንት ያህል አንሱት፣ ይጨክናል ግን መንጋው ሲበታተን ነው በሽታው የሚቀንሰው። ደርቆ የተከማቸ ኩስ ስታጸዱ መጀመሪያ አርጥቡት፣ ማስክ አድርጉ፣ አቧራው የሳንባ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

የላባ ክምር ብታገኙ ዝም ብላችሁ አትጥረጉት። እርግብ ስትያዝ ላባዋ በቀላሉ ይነቀላል፣ ትንሽ ላባ ብቻ ካለ ምናልባት አምልጣለች። ብዙ ከሆነ የትልልቆቹን ላባዎች ሥር እዩት፣ አገዳው ሙሉ ሆኖ ከሥሩ ከተነቀለ ጭልፊት ነው፣ ተነክሶ ወይም ተቆርጦ ከሆነ ድመት ወይም ሌላ ባለ ጥርስ። መስኮታችሁ ላይ የክንፍ ቅርጽ ያለው ነጭ ዱቄት ካያችሁ ደግሞ ከመስታወቱ ጋር ተጋጭታለች፣ ዱቄቱ ከላባዋ የሚረግፍ ነው። ከውጭ በኩል በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ትንንሽ ነጥብ ለጥፉበት፣ አንድ ትልቅ ስቲከር መሃል ላይ መለጠፍ አይሠራም፣ በጎኑ አልፋለሁ ብላ ነው የምትመጣው።