የባቄላ ሥር ታችን እንዴት ያውቃል? ቤት ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

ባቄላን በየትኛውም ጎኑ ብትተክሉት ሥሩ ዞሮ ወደ ታች ይሄዳል። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥም ቢሆን። ታችን የሚለየው በየትኛው አካሉ እንደሆነ በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ያልተቆላ ድፍን ባቄላ፣ ሶፍት፣ ማርከርና አዲስ ምላጭ አዘጋጁ። ጠፍጣፋ፣ ክዳን ያለውና ውስጡን የሚያሳይ የምግብ መያዣ ፕላስቲክም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የጃም ጠርሙስ ይጠቀማል። እኔ አልመክረውም፤ በጎኑ ሲተኛ ይንከባለላል።

ባቄላውን እንደ በቆልት ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ከዚያ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልሉት። ሥሩ ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን ቀጥ ያሉትን ምረጡ።

ሶፍት አጣጥፋችሁ ዕቃው ውስጥ አንጥፉ። ባቄላዎቹን ሥራቸው ወደ ታች እንዲያይ አድርጋችሁ ደርድሩ። ውሃ እንዳይጠራቀም ሶፍቱን ጨመቅ አድርጉት። ሥር እርጥበትንም ይከተላል። አንዱ ጎን ብቻ ከራሰ፣ የሳበው ስበት ይሁን ውሃ መለየት አይቻልም።

አሁን ከባዱ ሥራ መጣ። የግማሾቹን ሥር ጫፍ ትቆርጣላችሁ። ሌሎቹን አትንኩ።

የሚቆረጠው አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ሥር የሚረዝመው ከጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ባለው ክፍል ነው። እሱን አብራችሁ ካነሳችሁት እድገቱ ይቆማል። ያላደገ ሥር አለመታጠፉ ደግሞ ምንም አያረጋግጥም። ስለዚህ ከተቆረጠው ጫፍ አንድ ሴንቲሜትር ከፍ ብላችሁ በማርከር ምልክት አድርጉ። በማግስቱ ርቀቱ ከጨመረ ሥሩ እያደገ ነው። መቀስ አትጠቀሙ፤ ጫፉን ይጨፈልቀዋል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። መጀመሪያ ቁረጡ፣ ከዚያ ዕቃውን አዙሩ። ሥሩ በጎኑ ተኝቶ ከቆየ በኋላ ከቆረጣችሁት ጫፉ መልእክቱን ቀድሞ ልኳል። ጫፍ ባይኖረውም ይታጠፋል።

ከቆረጣችሁ በኋላ ክዳኑን ግጠሙ። ሥሮቹ አግድም እንዲሆኑ ዕቃውን በጎኑ አቁሙትና ካርቶን ውስጥ አሳድሩት።

ጠዋት ያልተቆረጡት ወደ ታች ታጥፈው ታገኟቸዋላችሁ። የተቆረጡት እያደጉም በአግድም ይቀጥላሉ። ምክንያቱ የሥር ቆብ የሚባለው የጫፉ ሽፋን ነው። በውስጡ ያሉት ህዋሳት ከበድ ያሉ የስታርች ቅንጣቶች ይዘዋል። ሥሩ ሲተኛ ቅንጣቶቹ ወደ አዲሱ ታች ይወርዳሉ። ያኔ ኦክሲን የተባለው ሆርሞን በታችኛው ጎን ይበዛል። ሥር ላይ ብዙ ኦክሲን እድገትን ይገታል። የላይኛው ጎን ስለሚፈጥን ሥሩ ወደ ታች ይታጠፋል። ልብ በሉ፤ የሚያውቀው ጫፉ ነው፣ የሚታጠፈው ግን ከሱ ከፍ ያለው ክፍል ነው። ቻርለስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1880 ባሳተሙት ሥራ ስሜቱ ከጫፉ እንደሚመጣ ያሳዩት በዚሁ በባቄላ ሥር ጭምር ነው። ኦክሲን ገና አልታወቀም ነበር።

የተቆረጡትን አትጣሉ። እርጥበታቸውን ጠብቁላቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጫፋቸውን መልሰው ሲያበቅሉ እነሱም መታጠፍ ይጀምራሉ።