ከብዙ ሥራ ጋር መጻፍ እንዴት ይቻላል?

በሐዋሳ የማውቃቸው ጸሐፊዎች ሁሉ ሌላ ሥራ አላቸው። አንደኛዋ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ናት፤ አንዱ በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ ይሠራል፤ ሌላው በሳምንቱ ቀናት ያስተምርና ቅዳሜ ማታ ክራር ይጫወታል። እኔም የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሒሳብ እይዛለሁ፣ በሠርግ ወራት ፎቶግራፍ አነሣለሁ፣ ከዚህ በተረፈው ጊዜ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። በአገራችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የአዲስ አበባ ከንቲባም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ ሆኖም በርካታ መጻሕፍት ጽፈው አሳትመዋል። ስለዚህ «ሥራዬን ብተው እጽፍ ነበር» የሚለውን ቁጭት ወደ ጎን አድርገን፣ ሥራው ሳይተው እንዴት እንደሚጻፍ እንመልከት።

ዓመቱን በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር

በዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ቀንን ስለ መከፋፈል ነው፤ ጠዋት ለዚህ፣ ማታ ለዚያ ይባላል። ብዙ ሙያ ላለው ሰው ግን የሚቀድመው ዓመቱን ማየት ነው፤ ሥራዎቹ በየወሩ በእኩል መጠን አይመጡምና። አንድ ሰፊ ወረቀት ወስደው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን ወራት ይጻፉበት፤ በእያንዳንዱ ወር ሥር የትኛው ሥራ እንደሚበዛ ያስፍሩ። በእርሳስ ቢጽፉት ይመረጣል።

የእኔን ወረቀት ለምሳሌ ያህል ላቅርብ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ብዙ ነጋዴዎችም መዝገባቸውን የሚያሰናዱት በዚያው ሰሞን ነው፤ ስለዚህ ሰኔና ሐምሌ የደረሰኝና የመዝገብ ወራት ናቸው። በእነዚህ ሳምንታት አዲስ ምዕራፍ እጀምራለሁ ብሎ ማቀድ ራስን መሸንገል ነው። ጥር ሲገባ ሠርግ ይጀምራል፤ ከፋሲካ በኋላም ሚያዝያና ግንቦት እንዲሁ ናቸው። ደንበኞቹ በአብዛኛው ኦርቶዶክሳውያን በሆኑበት አካባቢ የሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ ዐቢይ ጾም ሲገባ ካሜራውን ያሳርፍ ይሆናል። ሐዋሳ ላይ ግን የፕሮቴስታንት ምእመናን ብዙ በመሆናቸው ሠርጉ በሁዳዴም ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ነውና ቤት በእንግዳ ይሞላል፤ እነዚያን ቀናት ከነዋዜማቸው ከወረቀቱ ላይ አስቀድሜ እሰርዛቸዋለሁ። የፊቼ ጫምባላላ ቀን ደግሞ የሰማዩን እንቅስቃሴ በሚያጠኑት አያንቶዎች የሚወሰን በመሆኑ በየዓመቱ በተመሳሳይ ቀን አይውልም። እርሳስ ያልሁትም ለዚህ ነው።

ወረቀቱ ሲሞላ ቀለል ያሉት ወራት በግልጽ ይታያሉ። ለእኔ ጥቅምትና ኅዳር ናቸው፤ የካቲትም አንዳንድ ጊዜ ይጨመራል። ረቂቅ የሚጻፈው በእነዚህ ወራት ነው። በተጨናነቁት ወራት ማረም፣ ማስታወሻ መሰብሰብና ማንበብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከራስ መጠበቅ ጽሑፉንም ሥራውንም ያበላሻል። ዓመቱን በሙሉ በየቀኑ ይህን ያህል ቃል እጽፋለሁ የሚለው ደንብ አንድ ሥራ ብቻ ላለው ሰው ይስማማው ይሆናል፤ ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ግን ደንቡ መሰበሩ አይቀርም፤ የተሰበረ ደንብ ደግሞ ጸሐፊውን ከሚያግዘው ይልቅ የሚያሳፍረው ይበልጣል።

ከጽሑፍ ጋር የሚሻማውን ሥራ መለየት

ጽሑፍን የሚጎዳው የግድ ረጅም ሰዓት የሚወስደው ሥራ አይደለም። ሒሳብ መያዝ ቀኑን ሙሉ ያስቀምጠኛል፤ ነገር ግን ቁጥር ስደምር የዋልሁበት ቀን ሲመሽ ቃላቱ ሳይነኩ ይጠብቁኛል። ፎቶግራፍ ግን እንደዚያ አይደለም። ከሠርግ ስመለስ የሰው ፊት፣ የብርሃን አቅጣጫ፣ የአማቶች ኩርፊያ ሁሉ በዐይኔ አልፎ በካሜራው ወጥቷል፤ ለወረቀት የሚተርፍ የለም። ሠዓሊና ገጣሚ የነበረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሁለቱን ጥበባት ከመምህርነት ጋር አስተባብሮ ይዞ ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ጥበብ በአንድ ሰው አይኖርም እያልሁ አይደለም። የምለው ሁለቱን በአንድ ቀን ውስጥ አያስገቡ ነው። ከጽሑፍ ጋር በአንድ ቀን የሚጣመረው በጣም የማይመስለው ሥራ ነው፦ ሽያጭ፣ ቁጥር፣ ጥገና፣ ሹፍርና።

ሰዓቱ የጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ያለው ጊዜ በሐዋሳ ሙቀትም የስልክ ጥሪም የለበትም። ለቤተሰብ ይህን ሰዓት አንድ ጊዜ በግልጽ ተናግሮ ማስፈቀድ ይገባል። ከዚህ ውጭ ያለውን ሰዓት ግን እንደ ርስት መከላከል አይቻልም። «እምቢ ማለትን ይልመዱ» ብለው የሚመክሩ ሰዎች ዕድር ባለበት ሰፈር የኖሩ አይመስለኝም። ለቅሶ ይደረሳል፤ የታመመ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ዕቅዱ ውስጥ ቅዳሜና እሑድን ለጽሑፍ የማይቆጥር ሰው ቢያንስ አይናደድም። ስለ ቦታው አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጦ መጻፍ በሐሳብ ደረጃ ያምራል፤ በተግባር ግን ሙዚቃው፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ወዳጅና ዐሣ የለመደው አባ ኮዳ የተባለው ወፍ አንድ አንቀጽ አያስጨርሱም። ሐይቁ ለእግር ጉዞ ይሁን፤ መጻፍ በቤት ነው።

ማቆምና መመለስ

ብዙ ረቂቅ የሚሞተው እዚህ ላይ ስለሆነ ይህን እርምጃ በዝርዝር እገልጸዋለሁ። ዓመቱን በወራት የከፈለ ሰው ረቂቁን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት መተዉ የማይቀር ነው። አስቸጋሪው መተዉ ሳይሆን መመለሱ ነው። ከሠርግ ወራት በኋላ ደብተሩ ሲከፈት ጽሑፉ የሌላ ሰው ይመስላል፤ ገጸ ባሕርይዋ ለምን እንዳለቀሰች እንኳ አይታወስም። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው የሚያደርገው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ነው። ሲያነብ ያርማል፤ ሲያርም አንደኛውን ምዕራፍ እንደ አዲስ ይጽፈዋል፤ ይህን ሲያደርግ ቀለል ያለው ወር ያልቅና የደረሰኙ ወር ይመጣል። አንደኛ ምዕራፋቸው እንደ መስተዋት የጠራ፣ አራተኛ ምዕራፍ ግን የሌላቸው ረቂቆች በየመሳቢያው ያሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ በእኔም መሳቢያ አለ።

መፍትሔው የሚጀምረው በመመለሻው ቀን ሳይሆን በማቆሚያው ቀን ነው። ሥራው ሊበዛ መሆኑን ከወረቀቱ ስለሚያውቁ፣ የመጨረሻውን የጽሕፈት ጠዋት ለመጻፍ አያውሉት፤ ለራስዎ ርክክብ ያድርጉበት። የመዝገብ ሠራተኛ ሥራውን ለሌላ ሲያስረክብ የት እንደደረሰ፣ ምን እንደቀረ፣ ምን እንዳልተጣራ ጽፎ ይፈርማል፤ በረቂቅ ላይም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በታች ሦስት ነገሮችን ያስፍሩ፦ አሁን የሆነው ምንድን ነው፣ ቀጥሎ የሚሆነው ምንድን ነው፣ እኔ ራሴ ገና ያላወቅሁት ምንድን ነው። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጌታሁን ከሞጆ የመጣውን ደብዳቤ አልከፈተም። ቀጥሎ እናቱ ትገባለች፤ ደብዳቤውን ታየዋለች፣ ግን አትጠይቅም። ገንዘቡን ማን እንደ ወሰደው ገና አልወሰንሁም።» ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ከሁሉም ይበልጣል፤ በሠርግ ሰልፍ መካከል ወይም ባጃጅ ውስጥ አእምሮ ሳይታዘዝ የሚሠራው በእሱ ላይ ነውና።

ምዕራፍ ጨርሶ ማቆምም አይመከርም። የተጨረሰ ምዕራፍ ያሳርፋል፤ ያረፈ ሰው ደግሞ ለመነሣት ይከብደዋል። ንግግሩ መካከል ላይ፣ መልሱ ሳይሰጥ ቢቆም ይሻላል።

ከማስታወሻው ጋር አንድ የተለየ ገጽ ያስፈልጋል። በዚህ ገጽ የሰዎቹ ስም፣ ዕድሜ፣ ዝምድና፣ ታሪኩ የሚፈጸምበት ወርና የቤቱ አቀማመጥ ይመዘገባል። የስሞቹ ፊደል ጭምር መመዝገብ አለበት፤ በጥቅምት ሣህሉ የነበረው ሰው በየካቲት ሳህሉ ሆኖ ሲገኝ አራሚው ይሰቃያል፤ ሐዋሳን እንኳ አንዴ በሐመሩ ሐ፣ አንዴ በሃሌታው ሀ፣ አንዴም በአ የጻፈ ረቂቅ ለአታሚ መስጠት አሳፋሪ ነው።

በመመለሻው ጠዋት ከመጀመሪያ አያንብቡ። ማስታወሻውን ያንብቡ፤ ከዚያ ከማቆምዎ በፊት የጻፉትን የመጨረሻ አንድ ገጽ በእጅዎ ይገልብጡ። መገልበጥ አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን እጅ የዐረፍተ ነገሩን አካሄድ ከዐይን ይልቅ ያስታውሳል፤ ገጹ ሲያልቅም እጅ ወደ አዲሱ መስመር በራሱ ይሻገራል። ወደ ኋላ ተመልሶ መታረም ያለበት ነገር ካጋጠመ በዚያው በተለየው ገጽ ላይ «ምዕራፍ ሁለት፣ የእናቲቱ ሥራ ይታረም» ብለው አስፍረው እንደታረመ ቆጥረው ይቀጥሉ። ማረም የሐምሌ ሥራ ነው።

ስለ መሣሪያ

ደብተርና እስክሪብቶ ከሁሉም ይሻላሉ፤ መብራት ሲጠፋ አይጠፉም፣ መልእክትም አይመጣባቸውም። ከዚያ ለሚቀጥለው ትየባ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱና በየጽሕፈት አገልግሎቱ ከዚያ በፊት የነበረውን ዓይነት አሠራር የሚከተሉ የቆዩ መተየቢያዎች አሁንም አይጠፉም። በእነዚህ የተተየበ ገጽ የራሱ ፎንት በሌለበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይሆናል። ሥራው ብዙ የሆነ ሰው በቢሮ ኮምፒውተር፣ በስልክና በቤት ላፕቶፕ እየተዘዋወረ ስለሚጽፍ ይህ ችግር ከሌላው ይልቅ ይደርስበታል። ጽሑፉን ለሌላ ሰው አስተይበው ከሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ፋይሉን በራስዎ ስልክ ከፍተው ይዩት። በየሳምንቱ መጨረሻም አንድ ቅጂ በቴሌግራም ለራስዎ ይላኩ። ጊዜ የሚያቅዱና ልማድ የሚቆጥሩ መተግበሪያዎችን በተመለከተ፣ እነሱን መሙላት ራሱን የቻለ አንድ ተጨማሪ ሥራ እንደሆነ ከመናገር በቀር የምለው የለኝም።

ውልና ገንዘብ

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ብዙ ሥራ ያለውን ጸሐፊ በቀጥታ የሚነካ ድንጋጌ አለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ተቀጣሪ በቅጥር ሥራው ሂደት ያመነጨው ወይም በሌላ ሰው ትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለመብቱ አሠሪው ወይም አዛዡ ነው። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤትዎ መጽሔት የጻፉትን ወግ በኋላ በራስዎ መድበል ለማውጣት ካሰቡ፣ ስምምነቱን አስቀድመው በጽሑፍ ያድርጉ። ለሠርግ ፎቶግራፍም ውሉ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል። የራስዎን ልብ ወለድ ደግሞ በቢሮ ሰዓት በቢሮ ኮምፒውተር አይጻፉ፤ ሙግቱ ቢነሣ ማስረጃው ከእርስዎ ጋር አይሆንም። ከጽሑፍ የሚገኘውን ገንዘብ በቤት ኪራይ ሒሳብ ውስጥ አያስገቡት፤ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

በጳጉሜን መመርመር

የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀናት ወረቀቱን አውጥቶ ለመመልከት ይመቻሉ። በእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ያስገኘውን ገንዘብና ከጽሑፍ የወሰደውን ወር ጎን ለጎን ይጻፉ። ገንዘቡ ትንሽ፣ የወሰደው ወር ግን ቀለል ካሉት አንዱ የሆነ ሥራ ካለ የሚቀነሰው እሱ ነው። እኔ ሁለት ደንበኞችን የተውሁት በዚህ መንገድ ነው፤ ሁለቱም ደረሰኛቸውን በጥቅምት በፌስታል የሚያመጡ ነበሩ። ለሚተዉት ደንበኛ መስከረም ሳይጠባ ይንገሩት፤ መዝገቡን የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ አስፈርመው ያስረክቡ፤ የሚተካዎትን ሰው የሚያውቁ ከሆነም ሁለቱን ያገናኟቸው።