ክለብ ሲወርድ ኪስ የሚያራቁቱ ስህተቶች

ግንቦት ሲገባ እዚህ ባህር ዳር ቀበሌ 14 ያሉ ዲኤስቲቪ ቤቶች ውስጥ ክርክሩ ሁሌ ያው ነው፤ ማን ዋንጫ በላ፣ ማን ወረደ። የወረደው ክለብ ደጋፊ ትንሽ ይቀለድበታል፣ ሂሳብ ይከፈላል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። በቀጣዩ ዓመት በሩ ላይ በተሰቀለችው የጨዋታ ሰሌዳ የዚያ ክለብ ስም አይጻፍም። ተመልካቹ ሲሄድ የቴሌቪዥኑም ገንዘብ አብሮ ይሄዳል። ገቢው በአንድ ክረምት ዘጭ ሲል የተፈረመው ውል ግን እዚያው ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል፤ ብዙዎቹ ስህተቶች ደግሞ የሚሠሩት ክለቡ ሳይወርድ በፊት ነው።

የመጀመሪያው «አንወርድም» ብሎ መፈረም ነው። ብንወርድ ደመወዝህ በዚህን ያህል ይቀንሳል የሚል አንቀጽ ውል ውስጥ ማስገባት ሟርት የሚመስላቸው አመራሮች አሉ። የእንግሊዙን ሰንደርላንድን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከፕሪምየር ሊጉ ሲወርድ የተጫዋቹ የጃክ ሮድዌል ውል እንዲህ ያለ አንቀጽ አልነበረውም። በወቅቱ እንደተዘገበው ልጁ በሳምንት 70 ሺህ ፓውንድ ያገኝ ነበር፣ ያውም በሁለተኛ ዲቪዚዮን! ያን ደመወዝ የሚከፍል ሌላ ክለብ የለም፣ እሱም ትቶ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። በሕግ የፈረመው ነው፣ ምን አጠፋ? ጥፋቱ ያስፈረመው ሰው ነው። ሰንደርላንድ በ2018 ደግሞ ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ወረደ።

ቀጥሎ የፓራሹት ክፍያን እንደ ደመወዝ መቁጠር ይመጣል። እንግሊዝ ውስጥ ለወረደ ክለብ፣ የፕሪምየር ሊግ ክለቦች እኩል ከሚካፈሉት የቴሌቪዥን ገንዘብ በመጀመሪያው ዓመት 55 በመቶ፣ በሁለተኛው 45፣ በሦስተኛው 20 በመቶ ይሰጠዋል። አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ የወረደ ሦስተኛውን አያገኝም። ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት፤ በየዓመቱ እየቀነሰ የሚሄድ ገንዘብ ነው። ታዲያ በዚህ ብር የሦስትና የአራት ዓመት ውል መፈረም ምን የሚሉት ሂሳብ ነው? የተሰጠው ወጪ ለማስተካከል ነው፣ ለሸመታ አይደለም። ገንዘቡ ብቻውን እንደማያድን ደግሞ ሉተን ምስክር ነው፤ በ2024 ከፕሪምየር ሊግ ወረደ፣ በ2025 ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ያልመጣ ገንዘብ መብላት ነው። ሊድስ ዩናይትድ በ2001 ቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ ነበር። እዚያው የምንቆይ መስሏቸው የወደፊት የስታዲየም መግቢያ ገቢያቸውን አስይዘው 60 ሚሊዮን ፓውንድ ተበደሩ። ቻምፒየንስ ሊጉ ቀረ፣ ዕዳው ቀጠለ። ሪዮ ፈርዲናንድ ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሸጠ፣ ሌሎችም ተከተሉት፣ ቡድኑ ሳሳ፣ በ2004 ወረደ። በዚያው ዓመት ስታዲየሙን ኤላንድ ሮድን ሸጦ በገዛ ሜዳው ተከራይ ሆነ። በ2007 ክለቡ በዕዳ ምክንያት በገለልተኛ አስተዳዳሪ እጅ ገባ፣ 10 ነጥብ ተቀነሰበት፣ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ገባ። ፕሪምየር ሊግን መልሶ ያየው በ2020 ነው። 16 ዓመት! ያኔ የተወለደ ሕፃን ሁለተኛ ደረጃ ገብቷል። ሜዳውን መልሶ የገዛውም በ2017 ነው።

ተጫዋች በድንጋጤ መሸጥም አለ። ገዢ ሁሉ መቸገርህን ስለሚያውቅ ዋጋ ይሰብራል። ኖርዊች በ2020 በመጨረሻ ደረጃ ሲወርድ ያደረገውን ብታዩ ደስ ይላል። ጀማል ልዊስንና ቤን ጎድፍሬይን ሸጠ፣ ኤሚ ቡኤንዲያን ግን ያዘ፤ አሰልጣኙን ዳንኤል ፋርከንም አላባረረም። በ2021 ሻምፒዮን ሆኖ ተመለሰ፣ ከዚያ ቡኤንዲያን ለአስቶን ቪላ በደህና ዋጋ ሸጠ። መሸጥ ካልቀረ ቡድኑን የማያፈርስ ነገር ይሸጥ። የጀርመኑ ሻልከ በ2021 ሲወርድ የኮምፒውተር ጌም ቡድኑን የሊግ ቦታ በ26.5 ሚሊዮን ዩሮ ሸጧል። ማን ያስበው ነበር?

ደመወዝ ማዘግየትን በአጭሩ ልለፈው፤ እኛም አገር በደንብ የምናውቀው በሽታ ነው። በፊፋ ደንብ ሁለት ወር ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ የ15 ቀን ጊዜ ሰጥቶ፣ አሁንም ካልተከፈለው ውሉን ማፍረስ ይችላል። ማለትም 60 ቀን ብር ቆጠብኩ ያለ ክለብ ሊሸጠው የሚችለውን ተጫዋች በነፃ ያጣል።

የመጨረሻው የእኛው ነው፦ በአንድ ኪስ መኖር። የእኛ አገር ክለቦች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በድርጅት በጀት ነው። ፕሪምየር ሊጋችን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች በዙር ሲካሄድ በየሳምንቱ ከሜዳ ይገኝ የነበረው የመግቢያ ገቢም አብሮ ቀረ። የቴሌቪዥኑ ገንዘብ የፕሪምየር ሊግ ክለቦች ነው፤ ወደ ሁለተኛው እርከን፣ ወደ ከፍተኛ ሊግ የወረደ ከዚያ ማዕድ ይነሳል። እንግዲህ በጀት ሰጪው ፊቱን ካዞረ ምን ይቀራል? ጎንደር የነበረው ዳሽን ቢራ በ2008 ዓ.ም. ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ፣ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የተጫዋች ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር አይለፍ ተብሎ ነበር፤ በጎን ስለሚከፈለው ስንት እንደተወራ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ወጪን በወረቀት ብቻ መቀነስ ገቢ አይሆንም።

የጣና ሞገዶቹ፣ የእኛው ባህር ዳር ከተማ፣ በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊግ ካደጉ ወዲህ ሁለተኛ ሆነው ጨርሰዋል፣ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕም ተጫውተዋል። የአባልነት መዋጮ የሚሰበሰበው፣ ማሊያ የሚሸጠው፣ ታዳጊ ቡድን የሚገነባው እንዲህ ከፍ ባሉበት ጊዜ ነው፤ ደጋፊው ያኔ ሞቅ ብሎታል። ከወረዱ በኋላ ማሊያ ግዙልን ቢሉ ማን ይሰማል? እኔ እንኳ የምገዛ አይመስለኝም። እሺ፣ እገዛለሁ፤ ግን እያጉረመረምኩ ነው።